ስሜን ባያውቀውም አድናቂው ነኝ፦ «ዘፋኝ ማምለክ ይብቃን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ዘፋኝ ማምለክ ይብቃን» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር፣ ለኔ ብቻ ሶስት ሰው ልኮልኛል፣ አንዷ የገዛ እህቴ ናት፣ ከስሩ «ይሄ አንቺን ነው» ብላ ጽፋበታለች። አነበብኩት፣ ከዛ ደግሜ አነበብኩት፣ ማታ ተኝቼም ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ ለሰው አስቦ ነው የጻፈው፣ ግን የሚያወራው ስለማያውቀው ነገር ነው፣ እኔ ደሞ ይሄን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስኖረው የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብል ውስጤ እሺ አይለኝም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ሀሳቡ እንዲህ ነው። ለኮንሰርት ቲኬት የሚወጣ ብር ሜዳ ላይ የተበተነ ብር ነው ይላል። ዘፈኑ ስልካችሁ ላይ በነጻ እያለ አዳራሽ ሄዶ መጋፋት ምንድነው ይላል። ስማችሁን እንኳን ለማያውቅ ሰው ማልቀስ ወይ ልጅነት ነው ወይ ጣኦት ማምለክ ነው ይላል። አድናቂ ማለት ሌላው የሰራውን ቁጭ ብሎ የሚበላ፣ ራሱ ምንም የማያፈራ ሰው ነው ይላል (ይቺ ናት በጣም ያንገበገበችኝ)። እርስ በርስ ስትሰዳደቡ ትውላላችሁ ይላል። መጨረሻ ላይ ደሞ ዘፋኙ አርጅቶ ያቆመ ቀን ባዶ እጃችሁን ነው የምትቀሩት ብሎ ይዘጋዋል።

እኔ የማህሙድ አህመድ አድናቂ ነኝ፣ ከነፍሴ ነው የምወደው፣ ስለዚህ መልሱን በሱ በኩል ነው የምመልሰው፣ የጥላሁን ወይ የአስቴር ወይ የቴዲ አፍሮ አድናቂ የሆናችሁ የራሳችሁን ሰው ስም እየተካችሁ አንብቡት።

ከብሩ ልጀምር። ጸሐፊው የቲኬቱን ዋጋ በጤፍ ኪሎ አስልቶታል። ኑሮው እንደከበደ እኔም አውቃለሁ፣ ጤፍ የምገዛው እኔው ነኝ፣ ለልጁ ዳቦ ሳይገዛ ቲኬት የሚገዛ ሰው ካለ እኔም አልደግፈውም። ግን ያ ብር የት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። በካሴት ዘመን ዘፋኙ አንድ አልበም ሰርቶ የሚበላው በጣም ትንሽ ነበር፣ ካሴቱ በወጣ በሳምንቱ ኮፒው መንገድ ላይ ይቸበቸባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙዚቀኞቹ በቃን፣ አዲስ ስራ አናወጣም ብለው ስራ እስከማቆም ደርሰው እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ከዛ ጩኸት በኋላ ነው። ከወጣም በኋላ ቢሆን ኮፒው አልቆመም፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ዞረ እንጂ። እነ ኤልያስ መልካ አውታር የሚባለውን አፕ ከጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት እኮ ሙዚቀኛው ከዘፈኑ ትንሽ እንኳን እንዲያገኝ ብለው ነው። እንደዚህ ባለ አገር ሙዚቀኛ የሚኖረው በስቴጅ ነው፣ በቲኬት ነው፣ በሰርግ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ኮልፌ፣ ኮፒው በግማሽ ዋጋ እያለ ኦሪጅናሉን ነበር የምትገዛው፣ ጎረቤቶቿ ሲገረሙ «ሰውየው ይብላበት እንጂ፣ እኔ የሰፋሁትን ሰው በነጻ ቢወስድብኝ ደስ ይለኛል?» ትላቸው ነበር። እኔም ቲኬት ስገዛ እሱን ነው የማስበው።

እዚጋ አንድ የማምነው ነገር አለ። አንዴ ሶስት ቲኬት ገዝተን፣ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በር ላይ ቆመን፣ ዘፋኙ ሳይመጣ ቀርቷል። በኋላ ስንሰማ አዘጋጆቹ ከዘፋኙ ጋር ውል እንኳን በቅጡ አልነበራቸውም፣ ብሩም አልተመለሰልንም። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም፣ ጸሐፊው «አድናቂ በቀላሉ ይበላል» ሲል ግን እንደዚህ አይነቱን ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። ጥፋቱ ግን የበላው ሰው ነው እንጂ የወደደው ሰው አይደለም። ሌባ ገበያ ውስጥ ስላለ ገበያ አትውጡ አይባልም።

ወደ ስልኩ እንምጣ። «ያው ዩቲዩብ ላይ አለ አይደል፣ እንዲያውም ድምጹ ይጠራል» ይላል። የድምጹን እውነቱን ነው፣ የኛ አዳራሾች ሳውንድ ሲስተም ብዙ ጊዜ ያስለቅሳል፣ ቤዙ ያጉረመርማል፣ ማይኩ ይጮሃል። ግን የኛ ሙዚቃ መቼ ነው ዘፋኙ ብቻውን የሚሰራው ሆኖ የሚያውቀው? አዝማሪ ቤት ሂዱና እዩ። አንድ ማታ ካዛንቺስ እንዲህ ያለ ቤት ገብተን ከጎናችን አንድ አባት ተቀምጠው ነበር፣ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ብርሌያቸውን ብዙም ሳይነኩት። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ፊታቸው ሲደርስ ቀና አሉና «ተቀበል!» አሉት፦

ሐኪሙ ተኛ አለኝ መድኃኒቱን ሰጥቶኝ፣
ያንተ ማሲንቆ ነው ተነስ ተነስ ያለኝ።

አዝማሪው ተቀበለ፣ ሁለቱንም መስመር በዜማ አድርጎ ደገመው፣ ከዛ የራሱን ሁለት መስመር ጨመረላቸው፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ ሰውየው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ብር አውጥተው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። አሁን ያን ማታ ግጥሙን ያወጣው ማነው? አድማጩ ነው። አዝማሪው ያለሳቸው ያቺን ዘፈን አይዘፍናትም ነበር፣ እሳቸውም ያለሱ ግጥም ሳይሆን ህመማቸውን ነበር የሚያወሩት። አያቶቻችን ሙዚቃ የሰሙት እንደዚህ ነው፣ እየሰጡና እየተቀበሉ። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ አስር ሺ ሰው አንድ ላይ «ይደገም!» ሲል የዛ ልጅ ነው፣ ማይክና መብራት መጣበት እንጂ።

የደርግ ጊዜ ሰዎችን ጠይቁ ደሞ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፣ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም ሰዉም እዛው ያድራል። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት የነበረው በዛ ዘመን ነው። አጎቴ ያን ጊዜ ወጣት ነበር፣ ደሞዙ እዚህ ግባ የማይባል፣ በወር አንዴ ግን አጠራቅሞ ይገባ ነበር፣ እና ምን ይላል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ደክሞት ሲቀዘቅዝ ነው ሙዚቃው የሚጀምረው ይላል፣ ምክንያቱም ያን ሰዓት ለታይታ የሚጫወት የለም፣ ባንዱ ለራሱና እዛ ለቀሩት ሰዎች ብቻ ነው የሚጫወተው። ውጪ ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እሱን ዘመን መዘርዘር አልፈልግም። ሰው ግን በዛ ዘመን በር ተዘግቶበትም ሙዚቃ ሄዶ ይሰማ ነበር። ይሄን ሰው «ዘፈኑ ካሴት ላይ አለልህ» ብትለው ምን ይልህ ይሆን ወንድሜ?

እናቴን ይዤ የሄድኩበትን አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁና ይሄን ነጥብ ልጨርስ። እማዬ በህይወቷ ኮንሰርት ገብታ አታውቅም ነበር። ስናድግ ቤታችን አንዲት ቴፕ ነበረች፣ የማጫወቻ ቁልፏ ተሰብሮ በእርሳስ ጫፍ ነበር የምንጫናት፣ ካሴቱን ስትበላው እማዬ ቀስ ብላ ክሩን ታወጣና በቢክ እስክሪብቶ ትጠመዝዘዋለች፣ ከተበጠሰ ደሞ በጥፍር ቀለም ትቀጥለዋለች፣ ከዛ በኋላ ዘፈኑ እዛች ቦታ ሲደርስ እንቅ ይላል፣ እኛ ልጆቹ ዘፈኑን ከነእንቅታው ነው ያጠናነው። ማህሙድ ሲዘፍን ሲንጀሯን በእግሯ በምቱ ነበር የምትረግጠው፣ ትዝታ ሲመጣ ግን እግሯ ይቆማል። ጨርቁ መርፌ ስር እንደተያዘ ቀና ብላ መስኮቱን ታያለች፣ እስኪያልቅ። ማንም አይናገራትም።

ኮንሰርቱ ቀን ነጠላዋን ለብሳ፣ ዳቦ ቆሎ በቦርሳ ይዛ መጣች፣ ይርበናል ብላ። ኋላ ነበር ያገኘነው፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ከፊታችን ያሉት በሙሉ ቆመው ምንም አይታያትም፣ ፀጉሩን የተሰራ አንድ ልጅ ዞር ብሎ አያትና «እማማ እዚ ይምጡ» ብሎ የራሱን ቦታ ለቀቀላት፣ ጓደኞቹን እየገፋ መንገድ ከፈተላት። ማህሙድ ወጣ፣ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ፣ አዳራሹ ተነሳ። መጀመሪያ ፈጣን ፈጣኑን ነበር፣ እማዬ ዝም ብላ ታያለች፣ አልጨበጨበችም፣ እኔ ደሞ አልወደደችውም ብዬ ልቤ መምታት ጀመረ። ከዛ ሳክሱ ብቻውን ትዝታ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ እጄን ያዘችኝ፣ ወደ ታች ሳይ ቀኝ እግሯ በምቱ ሲሚንቶውን ትረግጣለች፣ ልክ ሲንጀሯ ላይ እንደምታደርገው፣ ዘፈኑ ሲገባ ቆመ። እግሯ ቆመ። አጠገባችን ያ ልጅ ግጥሙን ሙሉውን ያውቀዋል፣ ከሷ ጋር እኩል ያንጎራጉራል፣ በአርባ ዓመት የሚበላለጡ ሁለት ሰዎች፣ ተያይተው እንኳን አያውቁም። ይሄን የትኛው ስልክ ላይ ላግኘው?

ሶስተኛ፣ ጣኦት ማምለክ። ይሄን ነጥብ አከብረዋለሁ፣ በእምነቱ ምክንያት ሙዚቃ የማይሰማ ሰው መብቱ ነው፣ ቤተሰቤም ውስጥ አለ። ግን ማድነቅና ማምለክ አንድ አይደሉም፣ የሚለየውንም ማሳየት ይቻላል። ሙሉቀን መለሰን አስቡት። እንደዛ ያለ ድምጽ፣ እንደዛ የተወደደ ሰው፣ ድንገት ዓለማዊ ሙዚቃውን ትቶ ወደ መዝሙር ሄደ፣ ከዛ በኋላ አድናቂዎቹ ለአስርት ዓመታት ይመለስ ይሆናል ብለው ጠበቁ፣ አልተመለሰም። አንድም ቀን ይሄ ሰው ከዳን ብሎ ካሴቱን ያቃጠለ አድናቂ አላጋጠመኝም። በ2016 ሚያዝያ አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ ሰው ምን አደረገ? የድሮ ዘፈኑን እየሰማ አለቀሰለት፣ መዝሙሩንም የሚወድ በመዝሙሩ አለቀሰለት። የምታመልከው ነገር እንዳሻህ እንዲሆንልህ ትፈልጋለህ፣ የምትወደውን ሰው ግን በመረጠው መንገድ እንዲሄድ ትለቀዋለህ፣ እኛ ሙሉቀንን ለቀነዋል።

«ስምህን አያውቅም» ለሚለውም ያው ነው። አዎ አያውቅም። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 የፋሲካ ዕለት ሲያርፍ የፋሲካው ዶሮ ገና ከድስት አላለቀም ነበር ቤታችን፣ ወሬው ሲመጣ አባቴ ምግቡን ትቶ ተነሳ፣ ግቢ ወጥቶ ብቻውን ቆመ። ጥላሁን አባቴን አያውቀውም። መስቀል አደባባይ ለሽኝት የወጣውን ያን ሁሉ ሕዝብም በስም አያውቀውም። ግን ያ ሁሉ ሰው ፍቅረኛውን ያጣ ቀን፣ አገር የናፈቀው ቀን፣ እናቱን የቀበረ ቀን አጠገቡ የነበረው የሱ ድምጽ ነው። ሰውየው አንገቱን በስለት ተወግቶ ተርፎ የዘፈነ፣ እግሩን በስኳር በሽታ አጥቶም ስቴጁን ያልተወ ሰው ነው። ሲሞት ማልቀስ ልጅነት ከሆነ አባቴ ያን ቀን ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ «አድናቂ ምንም አያፈራም» ወደሚለው። ይሄን ሳነብ ጸሐፊው የኢትዮጵያን ሙዚቃ ታሪክ ጨርሶ አልተመለከተውም አልኩ፣ ምክንያቱም የኛ ሙዚቃ ግማሹ ዛሬ የምንሰማው አድናቂ ስላተረፈው ነው።

ከራሱ ከማህሙድ እንጀምር። የመርካቶ ልጅ ነው፣ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ነገር ሆኖ ይሰራ ነበር፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ማታ ማታ የሚጫወቱበት ቤት ነው። ልጁ ስራውን እየሰራ የሚሰማው እነሱን ነው፣ ዘፈኖቹን በሙሉ በቃሉ ይዟቸዋል። አንድ ማታ ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ፣ እሱ እኔ ልዝፈን አለ፣ ዘፈነ። ከዛ ክቡር ዘበኛ ባንድ ገባ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ያን ማታ እዛ ቤት ውስጥ ያ ልጅ ምን ነበር? አድናቂ ነበር፣ ከአድናቂነት ውጪ ምንም ማዕረግ አልነበረውም።

አምሃ እሸቴን ውሰዱ። በጃንሆይ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትዕዛዝ የሀገር ፍቅር ማህበር ብቻ ነበር፣ ሌላ ሰው ቢነካው ህገወጥ ነው። አምሃ ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሙዚቃ ወዳድ ወጣት ነው፣ እነ አለማየሁ እሸቴ በየክለቡ እንደዛ ሲዘፍኑ ድምጻቸው ሳይቀረጽ ሊቀር ነው ብሎ በፈረንጆቹ 1969 ትዕዛዙን ጥሶ ማሳተም ጀመረ፣ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ። ደርግ መጥቶ ከአገር እስኪወጣ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 አልበም አሳተመ። ስድስት ዓመት አይሞላም። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ጆሯችን ላይ የደረሰው በነዚህ ሸክላዎች ነው፣ ባይወደው ኖሮ ማን አስገድዶት?

ከዛ ደሞ የፈረንሳዩ ሰውዬ አለ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ። በፈረንጆቹ 1984 ላይ ፑዋትዬ የምትባል ከተማ፣ ጓደኛው ቤት ግብዣ ላይ አንድ ሸክላ ይሰማል። የማህሙድ «ኧረ መላ መላ» ነው፣ ከአይቤክስ ባንድ ጋር 1975 ላይ የተሰራው። አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም፣ ኢትዮጵያን የሚያውቃት በዜና ነው፣ ያን ጊዜ ስለ አገራችን የሚወራው ረሃብ ብቻ ነው። ግን ድምጹ ያዘው። በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። 1986 ላይ ሸክላው ቤልጂየም በሚገኝ ክራምድ ዲስክስ በሚባል አሳታሚ አውሮፓ ውስጥ ወጣ፣ ከ1997 ጀምሮ ደሞ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ ማውጣት ጀመረ፣ 30 ገደማ ሲዲ፣ እነ ሙላቱ አስታጥቄን፣ እነ ጌታቸው መኩሪያን፣ እነ አለማየሁን ዓለም ያወቃቸው በዛ ነው። መነሻው አንድ ሰው አንድ ማታ አንድ ዘፈን ወዶ እንቅልፍ ማጣቱ ነው።

ኃይሉ መርጊያ ላይ የሆነውማ ሁሌ ባነሳሁት ቁጥር ያስለቅሰኛል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። ባንዱ በፈረንጆቹ 1981 አሜሪካ ለኮንሰርት ሄደ፣ ኃይሉ እዛው ቀረ፣ ዋሽንግተን። 1985 ላይ ብቻውን፣ አኮርዲዮንና ኪቦርድ አድርጎ አንድ ካሴት ሰራ፣ ከዛ ቀስ በቀስ ከስቴጅ ራቀ፣ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ኪቦርዱን ግን ታክሲው ኋላ ይዞ ነበር የሚዞረው፣ ኤርፖርት ደንበኛ እስኪመጣ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። ይሄን አስቡት፣ ለማንም አይደለም የሚለማመደው፣ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባህር ዳር ሄዶ ያንን የ1985 ካሴት ያገኘዋል፣ ይሰማዋል፣ ያብዳል፣ ሰውየውን ፈልጎ ስልክ ይደውልለታል፣ 2013 ላይ ካሴቱ እንደገና ይታተማል። ኃይሉ ወደ ስቴጅ ተመለሰ፣ አውሮፓና አሜሪካ አዳራሽ ይሞላ ጀመር፣ 2018 ላይ አዲስ አልበም አወጣ። ሁሉም የሚያወራው ስለ አሜሪካዊው ነው፣ እኔ ግን የማስበው ስለሌላ ሰው ነው፦ ባህር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት ለሃያ ምናምን ዓመት ያልጣለ ሰው ነበረ ማለት ነው። ሲዲ ሲመጣ ያልጣለው፣ ፍላሽ ሲመጣ ያልጣለው። ማን እንደሆነ አላውቅም። ያ ሰው ነው «ምንም አያፈራም» የተባለው።

የጌታቸው መኩሪያን ብቻ ጨምሬ ልለፍ፣ ሽለላና ቀረርቶን በሳክስ የሚያስጮኸው ሰውዬ። ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች የድሮ ቅጂውን ሰምተው ወደዱት፣ በፈረንጆቹ 2004 ላይ የባንዳቸውን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ አምስተርዳም ጋበዙት፣ ከዛ አብረው ሰሩ፣ 2006 ላይ አልበም አወጡ፣ ሰውየው ሰባ ዓመቱን አልፎ አውሮፓን ዞረ። እነሱም መጀመሪያ አድናቂዎቹ ነበሩ።

አንዳንዱ «ያው ፈረንጅ ሲወድልን ነው ደስ የሚለን» ይል ይሆናል። አይደለም። ለኔ የእናቴ ጥፍር ቀለምና የፋልሴቶ ሲዲዎች አንድ ስራ ናቸው። እሱ ለዓለም አተረፈው፣ እሷ ለኛ ለአራታችን አተረፈችው።

አምስተኛው፣ ስድድቡ። እዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም። የአንዱ ዘፋኝ አድናቂ የሌላውን አድናቂ እናቱን ሲሰድብ አይቻለሁ፣ ዘፈን ወደ ብሄር፣ ብሄር ወደ ፖለቲካ ሲዞርም አይቻለሁ፣ ያሳፍራል፣ በጣም ነው የሚያሳፍረው። ግን እነዚህን ልጆች እዩአቸው፣ ስለ ዘፈኑ አያወሩም እኮ። ስለ ግጥሙ፣ ስለ ቅኝቱ፣ ባቲ ይሁን አምባሰል ይሁን፣ ማን ቤዝ እንደተጫወተ፣ አንዳቸውም አያነሱም። የማህሙድ አድናቂ ሆኜ አሊ ቢራን አለመውደድ አልችልም፣ አፋን ኦሮሞ በደንብ አልሰማም ግን ጊታሩንና ድምጹን ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ብዙ የሰማ ሰው ጠብ ያንስበታል፣ ይሄን ከራሴና ከማውቃቸው አድናቂዎች ነው የምናገረው። ማርፈዱንም ጸሐፊው አንስቶታል፣ ሁለት ሰዓት ተብሎ አምስት ሰዓት የሚጀመር ኮንሰርት፣ ልክ ነው፣ ንቀት ነው፣ ይቁም።

መጨረሻው «ዘፋኙ ሲያቆም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ» ነው።

ማህሙድ በጥር 2017 አዲስ አበባ ላይ ተሰናበተ፣ በ83 ዓመቱ። ያን ሳምንት እማዬ ጉንፋን ጥሏት ደረቷ ያፍናታል፣ መንቀሳቀስ አልቻለችም፣ እኔም ልቀር ነበር፣ «ሂጂ ብዬሻለሁ» ብላ ተቆጣችኝ፣ ሄድኩ። መሃል ላይ አላስችል አለኝና ደወልኩላት፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዤ ቆምኩ፣ ክንዴ እስኪዝል፣ ከጎኔ ሰው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንዷ ልጇን ትከሻዋ ላይ አስቀምጣለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መልሼ እማዬ ሰማሽው ወይ አልኳት።

«ዘፈኑማ አይለይም፣ ይንጫጫል» አለችኝ፣ ድምጿ ዘግቷል። «ሰዉ ግን ይሰማኛል። አትዝጊው።»